ለመሮጥ የተሠራውን ስለ ማኖር

ሀብት በተትረፈረፈበት በሩቁ ዓለም፣ ብርቅ የሆኑ የእሽቅድምድም መኪናዎችን ገዝተው በሚያኖሩ ሰዎች መካከል ለብዙ ዓመታት ሲያከራክር የኖረ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትር ብቻ የሄደ፣ ወንበሩ ሰው ያልተቀመጠበት እስኪመስል ድረስ አዲስ የሆነ፣ አምሳያው በጣት የሚቈጠር መኪና እጁ የገባለት ሰው፣ አውጥቶ በጎዳና ሊነዳው ይገባዋልን ወይስ በጨርቅ ሸፍኖ፣ በር ዘግቶ፣ ሳይነካ ለተተኪው ትውልድ ሊያቆየው ይገባዋል የሚል ነው። ይህ ክርክር በእንጅባራና በዳንግላ፣ በጋሪና በባጃጅ በሚሄድ ሕዝብ መካከል ሲወራ የሩቅ ሰዎች ቅንጦት ተደርጎ ሊቈጠር ይችላል፤ እኛ የአዊ ሰዎች ግን ነገሩን በስሙ ሳንጠራው ከብዙ ዘመን ጀምሮ በየቤታችን ግድግዳ ላይ ሰቅለነው እንኖራለን፤ የአያቶቻችን ኮርቻ፣ የአያቶቻችን ልጓምና ግላስ፣ ይጫን ወይስ ይቀመጥ የሚለው ጥያቄ ጥር በመጣ ቍጥር በየጎጆው ይነሣልና።

ጥር 23 ቀን በእንጅባራ ሜዳ ቆሞ ያየ ሰው የምለው ሁሉ ይገባዋል። የሰባቱ ቤት አገው የፈረሰኞች ማኅበር በ1932 ዓ.ም.፣ የጣልያን ጦር ገና ከአገር ሳይወጣ ተመሥርቶ፣ ፈረስ በዓድዋና ከዚያም በኋላ በተደረገው ተጋድሎ ሁሉ ለአገር የዋለውን ውለታ እየዘከረ፣ የሰማዕቱን የቅዱስ ጊዮርጊስን ዕለት እያከበረ ከሰማንያ ዓመት በላይ ኖሯል፤ የአባላቱም ቍጥር ከ60 ሺህ በላይ እንደ ደረሰ ይነገራል። በዚያ ዕለት ከአንከሻና ከባንጃ፣ ከዚገምና ከጓጉሳ፣ ከፋግታና ከዳንግላ የሚጎርፈው ፈረሰኛ፣ ያጌጠ ግላስ በኮርቻው ላይ ዘርግቶ፣ በፈረሱ ግንባርና ደረት ላይ መርገፍ አውርዶ፣ የደጋውን የጧት ብርድ ከቍም ነገር ሳይቈጥር ወደ ሜዳው ሲገባ፣ ከዚያም ጉግሱ ተጀምሮ አሳዳጁ በእርካቡ ላይ ተነሥቶ ዘንጉን ሲወረውር፣ የሚሸሸውም ፊቱን ሳይመልስ ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ሲመክት፣ ተመልካቹ የሚያየው የፈረስ ውበት ብቻ አይደለም፤ ፈረሱ፣ ሰውየውና ዕቃው አንድ አካል ሆነው ለተፈጠሩበት ግብር ሲውሉ ያያል።

ይሁን እንጂ እንደ ታዘብሁት፣ ከዚያ ሁሉ ፈረሰኛ መካከል ከአያቱ የወረሰውን ኮርቻ ጭኖ የሚመጣው እየቀነሰ ሄዷል። አብዛኛው ሰው ለበዓሉ ከገበያ የተገዛ አዲስ ዕቃ ይጭናል፤ የጥንቱን ግን «እንዳይበላሽ» ብሎ በቤቱ ይሰቅለዋል። ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ መንደር በአንድ ሽማግሌ ቤት ያየሁትን እንዲህ ያለ ኮርቻ እነሆ በቅርብ ልግለጸው። እንጨቱ በቀይ ቆዳ የተለበጠ፣ ጠርዙ በቀጭን ጠፍር እጅግ በተቀራረበ ስፌት የተሰፋ፣ የፊቱና የኋላው ጉብታ ከፍ ያለ ነው፤ እርካቡ እንደ ዛሬው የጫማ ሶል የሚያርፍበት ሰፊ ብረት ሳይሆን፣ ጥንት ባዶ እግሩን ይጋልብ የነበረ ሰው የእግሩን አውራ ጣት ብቻ የሚያስገባበት ጠባብ ቀለበት ነው። ሥራውን ያየ ሰው የሠሪውን እጅ ያመሰግናል። ነገር ግን የአገራችን ክረምት ረጅምና እርጥብ ነውና፣ በየዓመቱ በቆዳው ላይ የሚወጣው ሻጋታ በጨርቅ ሲጠረግ፣ በበጋ ደግሞ የምድጃው ጢስና ሙቀት ሲያደርቀው፣ ቆዳው እንደ ዛፍ ቅርፊት ደርቋል፤ ሽማግሌው በፈረሱ ሆድ ሥር የሚታሰረውን ጠፍር ሊያሳዩኝ ጎንበስ ብለው ሲያጥፉት ከመካከሉ ተሰነጠቀ። በዚያው ቤት በር አጠገብ፣ ልጃቸው ዕለት ዕለት የሚጭነው፣ ዋጋው ርካሽ የሆነ ተራ ኮርቻ ተቀምጦ ነበር፤ ቅቤ የጠገበ፣ የፈረስ ላብ ያጠቈረው፣ እንደ ልብ የሚተጣጠፍ ነው። ክብር የተሰጠው ሞተ፤ የተሠራበት ኖረ።

መኪናም ከዚህ ሕግ አይወጣም። ባለሙያ የሆነ መካኒክ ጠይቃችሁ እንደሆነ፣ ለዓመታት ሳይነሣ የቆመ ሞተር ብዙ መንገድ ከሄደ ሞተር ይልቅ እንደሚያስፈራው ይነግራችኋል። በነዳጅ ማጠራቀሚያው ውስጥ የቀረው ቤንዚን ከጊዜ ብዛት ባሕርዩ ተለውጦ እንደ ሙጫ ይሆንና የካርቡሬተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል፤ የፍሬን ዘይት በተፈጥሮው ከአየር እርጥበት ይስባልና ቧንቧውን ከውስጥ ያዝገዋል፤ ሞተሩ ሲሠራ በዘይት ይርስ የነበረው ጎሚኒ ደርቆ ይሰነጠቃል፤ በሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ የነበረው ቀጭን የዘይት ሽፋን ወደ ታች ይወርድና ብረቱ ለዝገት ይጋለጣል፤ ለብዙ ወራት በአንድ ጎኑ ብቻ ክብደት የተሸከመ ጎማ በዚያው በኩል ተጠፍጥፎ ይቀራል፤ ጎማው አንድ ኪሎ ሜትር ባይሄድም እንኳ ላስቲኩ ያረጃል። እንግዲህ ባለቤቱ በቈጣሪው ላይ ባለው አነስተኛ ቍጥር ሲመካ፣ መኪናው ያልተነካው በቈጣሪው ብቻ መሆኑን፣ ጊዜ ግን በሌላ በኩል ሲነካው መኖሩን ልብ አይልም፤ አንድ ቀን ሊነዳው በወደደ ጊዜም ጎማውንም፣ ጎሚኒውንም፣ ቧንቧውንም በአዲስ መለወጥ ግድ ይሆንበታል።

ይህን በሚገባ የተረዱ ባለቤቶች በዓለም ላይ ሞልተዋል። ፌራሪ እ.ኤ.አ. ከ1962 እስከ 1964 የሠራው 250 ጂቲኦ የተባለው መኪና በጠቅላላው 36 ብቻ ነው፤ ከእነዚህም አንዱ እ.ኤ.አ. በ2018 በጨረታ ከ48 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጧል። እንዲህ ባለ ዋጋ የሚገዛ ዕቃ በብረት ሣጥን ውስጥ ይቈለፋል ብሎ የሚጠብቅ ሰው ቢኖር አይፈረድበትም፤ ሆኖም ከባለቤቶቹ አንዳንዶቹ በእንግሊዝ አገር በጉድውድ ሜዳ በሚደረገው የጥንት መኪናዎች ውድድር ላይ አውጥተው እስከ አቅሙ ያሽከረክሩታል። በኢጣልያም እ.ኤ.አ. ከ1927 እስከ 1957 ይካሄድ የነበረው ከብሬሺያ ተነሥቶ ሮማ ደርሶ የሚመለሰው የሺህ ማይል ውድድር፣ እ.ኤ.አ. ከ1977 ወዲህ የዚያ ዘመን መኪናዎች ብቻ የሚጓዙበት ታላቅ ጉዞ ሆኖ ታድሷል። ገበሬው ከማሳው ቀና ብሎ፣ ሕፃኑ ከአባቱ ትከሻ ላይ ሆኖ፣ በቤተ መዘክር ከመስተዋት በስተጀርባ ብቻ ሊያየው ይችል የነበረውን መኪና በገዛ መንደሩ ሲያልፍ ድምፁን ይሰማል፤ የዚያ ሕፃን ፍቅር በየትኛው የዋጋ መዝገብ ይጻፋል?

የሚያኖሩት ወገኖች ክርክር ግን በቀላሉ የሚናቅ አይደለም፤ እኔም አልንቀውም። አንድ ጊዜ የተፋቀ የፋብሪካ ቀለም፣ አንድ ጊዜ ተፈትቶ በሌላ ክር የተተካ ስፌት፣ ተመልሶ የመጀመሪያውን አይሆንም፤ የጥንቱ ሠሪ በምን መሣሪያና በምን መላ እንደ ሠራው የሚመሰክር ሌላ ሰነድ በሌለበት አገር፣ ያልተነካው ዕቃ ራሱ መጽሐፍ ነው፤ መጽሐፉም ከተሰረዘ ሊቃውንቱ የሚያነቡት ያጣሉ። በጉግስ መካከል ፈረስ ይወድቃል፣ ኮርቻ ይሰበራል፣ መርገፍ ይበጠሳል፤ በጎዳናም መኪና ይጋጫል። በጦርነትና በቃጠሎ፣ በዘረፋና በቸልተኝነት ስንት ቅርስ ያጣን ሕዝብ፣ የቀረችውን አንዲቱን «አትንኩብኝ» ብንል የሚያስወቅሰን አይደለም። ስለዚህም ብቸኛ የሆነ፣ ሁለተኛ የሌለው፣ የታሪክ ሰው የታወቀ ንብረት የነበረ ዕቃ ሲገኝ፣ እርጥበቱና ሙቀቱ በተመጠነለት፣ ባለሙያ በሚጠብቀው ቤተ መዘክር ይግባ፤ በዚህ ከማንም ጋር ክርክር የለኝም። በየቤታችን የሰቀልነው ግን ቤተ መዘክር አልገባም፤ በጢስና በአይጥ፣ በሻጋታና በምስጥ መካከል ነው ያለው። እኛ ዕቃውን ከፈረሱ ጀርባ አወረድነው እንጂ ለጠባቂ አልሰጠነውም፤ ከሁለቱ ወገን የትኛውም አስተዋይ ሰው የማይመክረውን ሦስተኛ መንገድ ይዘን፣ ማበላሸቱን ማኖር ብለን ጠራነው።

የቤተ ክርስቲያናችን አበው ይህን ጥያቄ ከመኪናም ከክርክሩም አስቀድመው በሥርዐት መልሰውታል። በዕቃ ቤት የሚኖረው ካባ ላንቃ፣ የብሩ መስቀል፣ በወርቀ ዘቦ ያጌጠው ጥላ፣ በብራና የተጻፈው ወንጌል፣ በአዘቦት ቀን ከሣጥኑ አይወጣም፤ ለማንም እጅ አይሰጥም፤ ዕለቱ ሲደርስ ግን፣ በጥምቀት፣ በትንሣኤ፣ በንግሥ በዓል፣ አቃቤ ንዋዩ ቈጥሮ ያወጣዋል፣ ካህኑ ይለብሰዋል፣ ዲያቆኑ ይሸከመዋል፣ ሕዝቡ ይሳለመዋል፤ ማኅሌቱ ሲፈጸም ደግሞ ተጣጥፎ፣ ተቈጥሮ ወደ ቦታው ይመለሳል። በዚህ ሥርዐት ለብዙ መቶ ዓመታት የዘለቁ ንዋያተ ቅድሳት በአገራችን አድባራትና ገዳማት እስከ ዛሬ አሉ፤ ለአገልግሎት የተሠራ ንዋይ ከአገልግሎት ቢለይ ስሙን እንኳ እንደሚያጣ አበው ያውቁ ነበር። በአንድ ወገን ዕለት ዕለት ማልፋት አለ፤ በሌላው ወገን ለዘላለም መቈለፍ አለ፤ የአበው መንገድ ግን የታወቀ ቀን፣ የታወቀ ሥርዐት፣ የታወቀ እጅ የሚል ነው። ከአያያዝ ይቀደዳል፣ ከአነጋገር ይፈረዳል የሚለው የአገራችን ብሂልም ይህንኑ ይደግፋል፤ ዕቃን የሚጎዳው መያዙ ሳይሆን አያያዙ ነውና። በወንጌል መክሊቱን ቀብሮ ያቆየው አገልጋይ፣ ጌታው በተመለሰ ጊዜ አንዲት ሳያጎድል መልሶ ሲያስረክብ ምን እንደ ተፈረደበት የማያውቅ አንባቢ አይኖርም።

የአገራችን የመኪና ታሪክ ራሱ በዚህ ነገር ብዙ ያስተምራል። ቤድ ቤንትሌይ የተባለው እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ጠረፍ ተነሥቶ፣ መንገድ በሌለበት በረሃውንና ገደሉን አቋርጦ፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ አዲስ አበባ ያደረሰውን መኪና ዐፄ ምኒልክ በተቀበሉ ጊዜ፣ ከግምጃ ቤት አስገብተው ለእንግዳ ማሳያ አላደረጉትም፤ ተሳፍረው ሄዱበት። ጥቅምት 23 ቀን 1923 ዓ.ም. ዘውድ የጫኑት ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴም በዘመነ መንግሥታቸው ዓለም ያደነቃቸውን ታላላቅ መኪናዎች ሰብስበው ነበር፤ መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ከቤተ መንግሥታቸው የወጡት ግን በአንዲት ቮልስዋገን ሆነ። ያችን ቀን በፊልም ያየ ኢትዮጵያዊ ሁሉ ንጉሡን ሲያስብ መኪናይቱም ትታሰበዋለች፤ በኅሊናው የሣላት ስትሄድ ያያት ናትና።

ዛሬ ብሔራዊ ቤተ መንግሥት ታድሶ ቤተ መዘክር ሆኖ ለሕዝብ ተከፍቷል፤ የዚያ ዘመን መኪናዎችም ታጥበውና ተወልውለው ለዓይን ቀርበዋል። ይህ ታላቅ ሥራ ነው፤ የሠሩትም ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ከእነዚያ መኪናዎች አንዲቱ እንኳ፣ በዓመት አንድ ቀን፣ ሙያው በተመሰከረለት መካኒክ እጅ ሞተሯ ተነሥቶ፣ በግቢው ውስጥ በዝግታ አንድ ዙር ብትዞር፣ የተሰበሰበው ተማሪ ከመቶ ጽሑፍ የማያገኘውን ትምህርት ያገኝ ነበር ብዬ አምናለሁ። በጀርመን በስቱትጋርት ያለው የፖርሽ ቤተ መዘክር ብዙዎቹን መኪናዎቹን ለመነዳት ዝግጁ አድርጎ ያኖራል፤ ከአዳራሹ እያወጣ ወደ ውድድርና ወደ በዓል ይልካቸዋል። መነዳታቸው ከክብራቸው አንዳች አላጎደለባቸውም።

ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን የዕቃው መጥፋት አይደለም፤ የእጁ መጥፋት ነው። ኮርቻ የሚሠራውንና ልጓም የሚቀጠቅጠውን ጥበበኛ ይህ አገር ለብዙ ዘመን «ፋቂ»፣ «ቀጥቃጭ» እያለ ሲንቀው፣ ከማዕዱ ሲለየው፣ ልጁን ለጋብቻ ሲከለክለው ኖሯል፤ ንጉሡንም አርበኛውንም ለድል ያደረሰው ፈረስ ያለዚያ ሰው ሥራ አንድ እርምጃ ወደ ጦር ሜዳ እንደማይሄድ ማሰብ ተስኖት ነበር። ይህ ኀጢአት ነው፤ ዛሬም ሙሉ በሙሉ አልተነሳልንም። የዚያ ጥበበኛ ሙያ በብራና አልተጻፈም፤ የሚኖረው በእጁ ነው፤ ከእጁ ወደ ልጁ እጅ የሚያልፈውም የተሰበረ ኮርቻ ወደ ደጁ ሲመጣ፣ ልጁ አጠገቡ ተቀምጦ የጠፍሩን አሰፋፍ፣ የእንጨቱን አገጣጠም ሲያይ ነው። ኮርቻው ከግድግዳ ካልወረደ አይሰበርም፤ ካልተሰበረ ጠጋኝ አይፈልግም፤ ጠጋኝ ካልተፈለገም ያ እጅ ሌላ ሥራ ይይዛል፣ ሙያውም ከባለቤቱ ጋር ወደ መቃብር ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ግድግዳው ላይ ያለው ኮርቻ ቢሰነጠቅ ማን ይጠግነዋል? የካርቡሬተርን አተነፋፈስ በጆሮው ብቻ ሰምቶ የሚያስተካክል መካኒክም እንዲሁ ነው፤ ኮምፒዩተር ሰክቶ ጥፋቱን የሚያነበው ወጣት ያንን ጆሮ አልወረሰም፤ የሚወርሰውም ያ መኪና ሲሠራ ካገኘው ብቻ ነው። ፈረሰኛነትም ቢሆን በወሬ አይወረስም፤ በጣት እርካብ ላይ ሚዛኑን ጠብቆ የሚጋልብ ሰው በመካከላችን ከጠፋ፣ ያ ጠባብ ቀለበት ለምን እንደ ተሠራ የሚያስረዳ አፍ አናገኝም።

ይህ ነገር በመኪና በኩል ከቀድሞው ይልቅ ዛሬ ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ፣ በኤሌክትሪክ የሚሠራው ብቻ እንዲገባ ወስኗል። ውሳኔው የራሱ ምክንያት አለው፤ ስለ እርሱ መከራከር የዛሬ ጉዳዬ አይደለም። ውጤቱ ግን፣ በአዲስ አበባ ኮረብታዎች ላይ እያቃሰተች የምትወጣው ቮልስ፣ በየገጠሩ ጭቃ የለመደችው አሮጌ ላንድሮቨር፣ ምትክ የማይመጣላቸው የአንድ ዘመን ቅሪቶች መሆናቸው ነው። በዳንግላ አልፎ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ አባቶቻችን እህል የጫኑባት የጭነት መኪና ኤንትሬም በዕድሜዋ ብዛት ከእነርሱ ጋር ትቈጠራለች። እንግዲህ ማንም ሳያስበው ብርቅ ሊሆኑ ነው። ብርቅ ከሆኑ በኋላ በጨርቅ ለመሸፈን ከመሽቀዳደም፣ አሁን በእጃችን ሳሉ በሥራ ላይ እንዳሉ መጠበቅ ይቀላል፤ ይረክሳልም።

ስለ ፈረሱ ራሱ መናገር አያስፈልገኝም፤ ገብስ እየበላ ከጋጣ የማይወጣ ፈረስ እግሩ እንደሚያብጥ፣ ጡንቻው እንደሚታሰር፣ ጠባዩም እንደሚከፋ የአዊ ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። ለፈረሱ ያወቅነውን ለኮርቻው መንፈጋችን ነው የሚገርመኝ።

ስለዚህ ልመናዬን ለፈረሰኞቹ ማኅበር ሽማግሎች አቀርባለሁ። ከመጪው ጥር 23 ጀምሮ፣ ጉግሱና ግልቢያው ከመጀመሩ በፊት፣ የወረሱትን የጥንት ዕቃ የጫኑ ፈረሰኞች ብቻ በእርጋታ ሜዳውን የሚዞሩበት አንድ ሰልፍ ይወሰን፤ በዚያ ሰልፍ የሚወጣ ኮርቻ ወደ ጉግሱ አይግባ፤ የእያንዳንዱ ባለቤት ስም፣ የወረሰበት ሐረግ፣ ከታወቀም የሠሪው ስም በማኅበሩ መዝገብ ይጻፍ፤ የጠጋኙንም ደመወዝ ማኅበሩ ከአባላቱ መዋጮ ይቻል። ሁለተኛ የሌለውን ዕቃ ደግሞ ባለቤቱ ወድዶ የሚያስረክበው አንድ በቂ ክፍል በእንጅባራ እንዲዘጋጅ የዞኑ ባህልና ቱሪዝም መምሪያ ያስብበት። ኮርቻ በቤታችሁ ያላችሁ ወገኖቼ ደግሞ የማንንም ውሳኔ አትጠብቁ፤ ክረምቱ ሳይገባ አውርዱት፣ ሻጋታውን ጥረጉ፣ ቆዳውን ቅቤ ቀቡት፣ የተበጠሰውን ጠፍር ሙያውን ወደሚያውቅ ሰው ወስዳችሁ አሠሩ፤ ለሠራበትም ዋጋውን ሳታጎድሉ ክፈሉት።